ያለ ሲሚንቶ ካብ መካብ፦ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አይቼ ግንፍሌ ጓሯችን ላይ እንደሰራሁት

የኛ ቤት ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ ነው፣ ጓሮው ከማድቤቱ በላይ ከፍ ያለ መሬት ስለሆነ አፈሩ እንዳይወርድ ብለን በድንጋይና በሲሚንቶ አስገንብተን ነበር። ጥቂት ክረምት ቻለ፣ ካቻምና ሐምሌ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስንነሳ ግንቡ ተገንድሶ ማድቤቱ በር ላይ ተኝቷል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነበረም። ሲሚንቶ ጎድሎት ነው እንዳልል ትልልቅ ቁራጭ እንደሆነ ነው የወደቀው፣ በመዶሻ እንኳ አልላቀቅ ያለ ነበር። ችግሩ ከጀርባው የሚገባው ውሃ መውጫ አልነበረውም፣ አንድም ቀዳዳ አልተተወለትም። ከግንብ ጀርባ የተጠራቀመ ውሃ ደግሞ ይገፋል፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ከስር የሚገፋው ጉልበት እየባሰ ነው የሚሄደው። እኛ አፈር የሚይዝ ግንብ አሰራን ስንል ውሃ የሚያቁር ገንዳ ነው ያሰራነው።

በዚያው ነሐሴ፣ ቡሄ ካለፈ በኋላ፣ ከአጎቴ ጋር ዘመድ ጥየቃ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከመገናኛ በለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ አድርጎ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከሸኖ ካለፍን በኋላ ጉሙ ገለጥ ሲል ገብሱና ባቄላው መሃል፣ የቤቱ ዙሪያ፣ የከብቱ በረት፣ ሁሉም ቦታ ካብ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ ግን አይኔ እንጂ ልቤ አይቶት አያውቅም ነበር፣ የዛን ቀን ግን የወደቀው ግንባችን እያቃጠለኝ ስለነበር "ጋሼ እስኪ እዚህ ጋ አቁምልኝ" አልኩት።

አንድ አባት የካባቸው አንዱ ጎን ተንዶ እየጠገኑ ነበር። "ያበርታዎ አባቴ" አልናቸው፣ "አብሮ ያበርታን ልጆቼ" አሉን። ከላይ ያለው ማሳ ውሃ ጠግቧል፣ ካቡ ስር ስር ግን ውሃው በየስንጥቁ እየተንጠባጠበ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ካቡ ደግሞ ምንም ሳይነቃነቅ ቆሟል። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ እንኳ የለው። እኛ ብር ከፍለን የከለከልነውን ነገር እሳቸው ጋ በነጻ ይሰራል። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆመን አየናቸው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ደግሞ እየጠየቅኩ፣ እየሞከርኩና እያፈረስኩ ነው የተማርኩት፣ እና ጓሮው የሚናድበት ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው አንድ በአንድ የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን ካብ ማንበብ ልመዱ

ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከከተማ ውጡ። ክረምት ላይ ብትወጡ ይሻላል፣ ውሃው በየት እንደሚያልፍ በአይናችሁ ታያላችሁ። መኪናውን ከአስፋልቱ ጨርሳችሁ አውጥታችሁ አቁሙ፣ እዛ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይበዛል፣ ጉምም አለ። የሰው ካብ ላይ አትውጡ፣ ድንጋይም አትንቀሉ፣ ባለቤቱ ካለ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ስለ እጁ ስራ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቆማችሁ በጎን እዩት። ደህና ካብ ከስር ሰፊ ከላይ ጠባብ ነው፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ውስጥ ጋደል ይላል። ከዛ ከፊት ለፊት ሆናችሁ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን መስመር በጣታችሁ ተከተሉ፣ መስመሩ አንድ ድንጋይ ወጥቶ ቀጣዩ ድንጋይ ላይ መቆም አለበት። ሶስት አራት ድንጋይ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ካገኛችሁ ያ ካብ አንድ ቀን እዛ ጋ ነው የሚሰነጠቀው። ሆዱን ወደ ፊት የነፋ ቦታ ካለም እዩት፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራቷል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የተናደ ካብ ፈልጉ። የቆመ ካብ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የተናደው ደግሞ ሆድ እቃውን ይከፍትላችኋል። ለብቻው የቆመ የአጥር ካብ ከሆነ ሁለት ፊት አለው፣ በሁለቱ መሃል ትንንሽ ድንጋይ ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቷል፣ እዚህም እዚያም ሁለቱን ፊት አቋርጦ የሚያያዝ ረጅም ድንጋይ አለ። እኔ ካብ ማለት ድንጋይ መደርደር ይመስለኝ ነበር፣ ግማሹ ስራ የማይታየው ውስጡ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከከተማ መውጣት ካልቻላችሁ ደግሞ ወንዝ ዳር የሚሰራውን ጋቢዮን ተመልከቱት። የሽቦ ሳጥን ውስጥ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ሞልቶ ማስቀመጥ ነው፣ ሃሳቡ አንድ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ መሬት ሲንቀሳቀስም አብሮ ይተጣጠፋል፣ ልዩነቱ እዛ ሽቦው ይይዛል፣ ካብ ላይ ግን ድንጋዩ ራሱ ነው እርስ በርሱ የሚያያዘው።

ይሄ የድሃ ስራ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ሲያጋጥማችሁ ኮንሶን ንገሩት። እርከኑም የከተሞቹ ዙሪያ ቅጥርም ደረቅ ካብ ነው፣ እርከኑ እስከ 5 ሜትር ከፍታ የሚደርስበት ቦታ አለ፣ ከ400 ዓመት በላይ 21 ትውልድ እየተቀባበለው የኖረ ስራ ነው፣ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው መልክአ ምድር እ.ኤ.አ በ2011 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዚምባብዌ ውስጥ ታላቋ ዚምባብዌ የሚባለው ፍርስራሽ ላይ ያለው ትልቁ ቅጥር እስከ 11 ሜትር ከፍ ይላል፣ እሱም ያለ ምንም ማጣበቂያ። እ.ኤ.አ በ2018 ደግሞ ዩኔስኮ የደረቅ ካብ ጥበብን እራሱን፣ ማለትም እውቀቱን፣ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፣ ያስመዘገቡት ክሮኤሺያ፣ ቆጵሮስ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬንያ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ ናቸው፣ በ2024 አምስት አገር ተጨመረ። የኛ አገር ስም እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚሁ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ገበሬው ሲክብ አይቼ ስመለስ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተሰማኝ።

ድንጋይ

"እንደ እንቧይ ካብ ተናደ" ስንል ሁላችንም ሰምተናል ግን ቃሉን አስቡት እስኪ፣ እንቧይ ክብ ነው፣ ክብ ነገር ክብ ነገር ላይ አይቀመጥም፣ የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ይንሸራተታል። ድንጋይ ስትመርጡ ይሄ አባባል ብቻ ይበቃችኋል። የወንዝ ድንጋይ ለስላሳና ክብ ስለሆነ አትውሰዱት። ቢያንስ ሁለት ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ ማዕዘኑ ሸካራ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ነው የምትፈልጉት። በመዶሻ መታ አድርጉት፣ ጥርት ያለ ድምጽ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ካለ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይ በስብሷል። ቀይ አሽ ለካቡ ፊት አይሆንም፣ ይፈረፈራል።

ለአንድ ካሬ ሜትር ፊት በግምት አንድ ቶን ድንጋይ ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። የኛ 6 ሜትር ርዝመት ነው፣ ከመሬት በላይ 80 ሳንቲ፣ መሰረቱ ሲጨመር ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ወደ 60 ኩንታል መሆኑ ነው። አንድ አይሱዙ ድንጋይ ከሚወጣበት ከካባ አስመጣን፣ የቀረውን አንድ ጎረቤታችን አሮጌ ቤቱን ሲያፈርስ ከመሰረቱ የወጣውን ጠይቀን ወሰድን። የድሮ ቤት መሰረት ድንጋይ በጭቃ የተሰራ ከሆነ በጣም አሪፍ ነው፣ ጭቃው በውሃ ይታጠባል። የወደቀው የኛ ግንብ ግን ሲሚንቶው ስላልላቀቅ አብዛኛው ለፊት አልሆነም፣ ሰባብረን ከጀርባ ለመሙላት ተጠቀምንበት። የኮብልስቶን ትራፊ ካላችሁም ለፊት ያንሳል እንጂ ለውስጥ ይሆናል።

ድንጋዩ ሲራገፍ ተከምሮ እንዳይቀር፣ ግማሽ ቀን ወስዳችሁ ለዩት። ትልልቁን ለስር፣ ረጃጅሙን ለማሰሪያ፣ ሰፋፊውን ለአናት፣ ትንንሹን ለውስጥ። ለአናት የሚሆነውን ራቅ አድርጉት መጨረሻ ላይ ነው የምትፈልጉት፣ ትልልቁን ቅርብ፣ በካቡና በድንጋዩ መሃል ባሬላ የሚያልፍበት መንገድ ይኑር። ይሄን ሳታደርጉ ከጀመራችሁ ቀኑን ሙሉ አንድ ክምር ስታገላብጡ ነው የምትውሉት።

እቃው ብዙ አይደለም፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖ፣ መዶሻ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ጓንት። መነጽር የግድ ነው፣ ጥቁር ድንጋይ ሲመታ የሚፈናጠረው ስንጣሪ እንደ ጠርሙስ ነው፣ አይን ያጠፋል። ጫማ ጠንካራ ይሁን። ድንጋይ ስታነሱ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እንጂ ወገባችሁን አጎንብሳችሁ አይሁን፣ ቆይቶ የተከመረ ድንጋይ ስር ደግሞ እጃችሁን ሳታዩ አታስገቡ፣ እባብ ይወደዋል።

ጊዜው

ክረምት ላይ አትጀምሩ። አፈሩ ረጥቦ እየቆፈራችሁ እላያችሁ ላይ ይወርዳል። እኛ ህዳር ላይ ነው የጀመርነው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ አምስት ሳምንት ፈጀብን። ሰርቶ የሚያውቅ ሰው በጣም ባጠረ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር። ካቡ ከጎረቤት ጋር ወሰን ላይ ከሆነ ጎረቤታችሁን አናግሩ፣ ወረዳም ጠይቁ። ከፍታው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ወይም ከላዩ ቤት ወይ መኪና ማቆሚያ ካለ ደግሞ መሃንዲስ ሳታሳዩ አትንኩት። እዚህ የምጽፈው ጓሮ ውስጥ አፈር ለሚይዝ ወገብ ድረስ ላለ ካብ ነው።

መሰረቱ

ጠንካራ አፈር እስክታገኙ ቆፍሩ፣ እኛ ጋ 20 ሳንቲ ላይ ተገኘ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ካለ አውጡት፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። የካቡ የስር ስፋት ከከፍታው ግማሽ ማነስ የለበትም፣ እኛ 50 ሳንቲ አደረግነው። የቦዩን ወለል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ማለትም አፈሩ ወዳለበት፣ ዘንበል አድርጉት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የምታነሱትን ትልቁን ድንጋይ አስቀምጡ፣ ለሁለት ሰው የሚከብደው ሁሉ እዚህ ይግባ፣ ከላይ ሲሆን ማንሳት አትችሉም። መሬቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተዳፋት ከሆነ ረድፉ ተዳፋቱን አይከተል፣ ደረጃ እየሰራችሁ እያንዳንዱን ረድፍ በውሃ ልክ ሂዱ፣ አለበለዚያ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል።

የካቡን ጋደል ልክ ለመያዝ በሁለቱ ጫፍ ከሞራሌ እንጨት ቅርጽ ሰርታችሁ አቁሙ፣ ለ6 ሳንቲ ከፍታ 1 ሳንቲ ወደ ውስጥ ብትገቡ ደህና ነው፣ በ80 ሳንቲ ላይ 13 ሳንቲ ያህል ይመጣል። ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ሲባጎ ወጥራችሁ ረድፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ወደ ላይ አንሱት። አይን ብቻውን ያታልላል፣ እኔ መጀመሪያ ያለ ሲባጎ ሁለት ሜትር ክቤ እንደ እባብ ተጠማዞ ነበር፣ አፈረስኩት።

መካቡ

ዋናው እዚህ ነው ያለው። አንድ ድንጋይ ሁልጊዜ ከስሩ ባሉት በሁለት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፣ የስሮቹን መጋጠሚያ ይሸፍን። ረጅሙ ጎኑ ወደ ውስጥ ይግባ። ይሄኛውን ሁሉም ጀማሪ ነው የሚሳሳተው፣ ሰፊውን ፊት ለሰው ለማሳየት ብሎ ድንጋዩን ጎኑን አዙሮ ፊት ላይ ይለጥፈዋል፣ ያምራል፣ አንድ ሜትር ቶሎ ይሸፈናል፣ ግን ውስጥ የሚይዘው ምንም የለም፣ አፈሩ ሲገፋው እንደ ጥርስ ይወልቃል። አጭሩ ጎን ይታይ፣ ረጅሙ ይደበቅ።

ድንጋዩን ስታስቀምጡ በእጃችሁ ነቅንቁት፣ ሲሆን ቁሙበት። ከተንቀሳቀሰ አዙሩት፣ እነዛ አባት አንድ ድንጋይ ሁለቴ ሶስቴ ያገላብጡና ቦታው ሲገኝ ጠቅ ብሎ ይቀመጥላቸዋል፣ እኔ አስር ጊዜ ነው የማገላብጠው፣ በሶስተኛው ሳምንት ወደ አምስት ወረደ። ማዕዘኑ ካስቸገረ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት ግን ለመጥረብ አትሞክሩ፣ ለድንጋዩ ቦታ መፈለግ ድንጋዩን ለቦታው ከመጥረብ ይፈጥናል። አሁንም ከተነቃነቀ ትንሽ ሽብልቅ የምታክል ድንጋይ ከጀርባ አስገቡለት። ከጀርባ ነው ያልኩት። ከፊት የተሰካ ሽብልቅ ካቡ ትንሽ ሲረጋ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ እሱ ሲወጣ የያዘው ድንጋይ ይከተላል።

አሁን ውስጡ። እነዛ አባት የፊቱን ድንጋይ አስቀምጠው ወዲያው ቀጣዩን አያነሱም፣ ተቀምጠው ከጀርባው ያለውን ክፍተት በትንንሽ ድንጋይ አንድ በአንድ በእጃቸው ይሞላሉ። "ሆዱ ባዶ የሆነ ካብ ክረምት አይሻገርም ልጄ" አሉኝ። አንድ በአንድ፣ በአካፋ አይደለም። የፊቱ ድንጋይ ጅራት፣ ማለትም ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ፣ የሚያርፈው እዛ ላይ ነው፣ ከስሩ ባዶ ከሆነ ጅራቱ ይወርዳል፣ ፊቱ ይነሳል፣ ሆዱ ይነፋል። የምትሞሉት ነገር ሸካራ ማዕዘን ያለው ስባሪ ድንጋይ ይሁን፣ አፈርና አሸዋ በፍጹም አታስገቡ። አፈር ዛሬ ሞላ ይመስላል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው አጥቦ ይዞት ይሄድና ያው ባዶ ይቀራል፣ እስከዛ ደግሞ የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል። አንድ ረድፍ ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ግማሽ ከፍታ ላይ ስትደርሱ ያን ረጅም ድንጋይ አምጡት፣ በየአንድ ሜትሩ አንድ አንድ፣ ከፊት እስከ ጀርባ የሚደርስ። እኔ ማሰሪያ ነው የምለው። ፊቱንና ጀርባውን አንድ አካል ያደርገዋል።

ከካቡ ጀርባና ከአፈሩ መሃል ደግሞ 30 ሳንቲ ያህል በንጹህ ጠጠርና ስባሪ ሙሉት፣ ካቡ ከፍ ሲል አብራችሁ እየሞላችሁ ሂዱ እንጂ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ አትድፉበት። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ካገኛችሁ በአፈሩና በጠጠሩ መሃል ዘርጉት፣ አፈሩ ወደ ጠጠሩ ገብቶ እንዳይደፍነው ይከላከላል፣ ውሃውን ግን ያሳልፋል።

አናቱ ላይ ከባድና ሰፋፊ ድንጋይ አስቀምጡ፣ እርስ በርስ ተጠባብቆ ይግባ፣ ክብደቱ ነው ስር ያለውን ሁሉ ተጭኖ የሚያቆየው። ልጆች ሁሌም ይወጡበታልና አናት ላይ የሚነቃነቅ እንዳይኖር።

ስንጨርስ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ "ፊቱን በሲሚንቶ ፖይንቲንግ ብታደርጉት ያምር ነበር" ይለን ነበር፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ማለት ነው፣ አንድ ግንበኛ ወዳጃችን በነጻ ልስራላችሁ ሁሉ ብሎን ነበር፣ ከፍቅር ነው። አታድርጉት። ስንጥቁ እኮ ነው የውሃው በር፣ በሩን ከዘጋችሁት ካቻምና ወደ ወደቀው ግንብ ነው የምትመለሱት፣ ያውም ይሄኛው ሲሚንቶ ውስጡ ስለሌለው የባሰ ይሆናል።

አምና ክረምት ሐምሌ ላይ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ባትሪ ይዤ ወጥቼ አየሁት፣ ከስሩ በየስንጥቁ ውሃ ይወጣል፣ መጀመሪያ ደፍረስ ብሎ ከዛ ጥርት እያለ፣ ልክ ሸኖ መንገድ ላይ እንዳየሁት። እናቴ ከመስኮት "ምን ሆነህ ነው ዝናብ ላይ የቆምከው" ትለኛለች፣ እኔ ግን እዛው ቆሜ ቀረሁ።

ሁልጊዜ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ሲባጎ ወጥራችሁ ፊቱን ለኩት፣ የላላ ሽብልቅ ካለ መልሱት፣ ሆዱን የነፋ ቦታ ካገኛችሁ እሱን ብቻ አውርዳችሁ በራሱ ድንጋይ መልሳችሁ ክቡት፣ አዲስ መግዛት የለም። ዘንድሮ የኛን ስንለካ በስተቀኝ በኩል አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት መጥታለች። የት እንደሆነች አውቃታለሁ፣ አምስተኛው ሳምንት እሁድ ማታ እየመሸብን ስባሪ አልቆብን በአካፋ አፈር የሞላንባት ቦታ ናት። ህዳር ላይ አውርደን እንደገና እንክባታለን።